የነገው ሰውዬ

በላይነህ የትራክተር ጥገና ተምሮ ሲመለስ፣ የሚጠግነው ትራክተር አልነበረም።

እስቴ ውስጥ የመካነ ኢየሱስ ከተማ ልጅ ነው። በልጅነቱ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ዘንድ ዳዊት ደግሟል፤ ኋላ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባ። አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ከየአውራጃው ወጣቶች ተመርጠው ውጭ አገር ሲላኩ እሱም ዕድሉ ደረሰውና ምሥራቅ ጀርመን ሄደ። እጁ ከግራሶ ሳይለይ ከርሞ በ1975 ዓ.ም. ተመለሰ። ጓድ ካሳ የሚባል የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ቢሮው አስጠራውና ሻይ አዘዘለት።

«ትራክተሮቹ የት ነው ያሉት?» አለ በላይነህ፣ ሻዩን ገና ሳይቀምሰው።

«የምን ትራክተሮች?»

«የምጠግናቸው።»

ካሳ ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሳቁም የንቀት አልነበረም። «ወንድሜ፣ ጋይንትን ታውቀዋለህ፤ ገደል ነው። ስማዳም ገደል ነው። ትራክተር ቢመጣ የቱ ላይ ይቆማል? ገና ነው። እስኪመጣ ግን ሕዝቡ ማወቅ አለበት። የአሥር ዓመት ዕቅድ እየወጣ ነው። አንተ በዓይንህ አይተኸዋል፤ ንገረው።»

«ምን ብዬ?»

«የሚመጣውን ነዋ!»

የበላይነህ ሥራ እንዲህ ተጀመረ። ደመወዙ የመካኒክ ነበር፤ ሥራው ግን ከገበያ ገበያ እየዞሩ ስለ መጪው ዘመን መናገር ሆነ።

መጀመሪያ የተናገረው ጋይንት ውስጥ አርብ ገበያ በምትባል ከተማ ነው። ገበያተኛው ከቆላውም ከደጋውም አህያውን እየነዳ ወጥቶ ሳለ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጡሩንባ አስነፋና ሕዝቡን ሰበሰበ። በላይነህ ድንጋይ ላይ ቆመ። «ስንዴ የሚያጭድ፣ የሚወቃ፣ ፍሬውን በአንድ በኩል ገለባውን በሌላ በኩል የሚያፈስ መሣሪያ አየሁ» አለ። ጥቂት ሰው ሰማው፤ ሌላው ጨውና በርበሬ ይገዛ ነበር። «በሬ የማይፈልግ ማረሻ አየሁ። ሰው እርሻው መሐል ቆሞ ከሌላ አገር ሰው ጋር ያለ ሽቦ ሲነጋገር አየሁ።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ «አንተ ብታይ ለእኛ ምናችን ነው?» አለው።

በላይነህ ግራ ገባው። ሽማግሌው ልክ ነው። ትንሽ አሰበና «እዚህም ይመጣል» አለ።

ያኔ ገበያው ጸጥ አለ። ከዚያ በፊት ይህን ያህል ሰው ጸጥ ብሎ ሰምቶት አያውቅም። «ይመጣል!» አለ ደግሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «መኪና አርብ ገበያ ይደርሳል። መብራት ይመጣል። የሚያስብ መሣሪያ ይመጣል፤ ብትጠይቁት የሚመልስ።»

ከዚያች ዓርብ በኋላ «አየሁ» ማለት ቀረ። ስማዳ ውስጥ ወገዳም ሄደ፣ መካነ ኢየሱስም ተናገረ፤ ሰው «የነገው ሰውዬ መጣ» እያለ ይሰበሰብለት ጀመር። ካሳ ተደሰተ። ሌሎቹ ካድሬዎች ሲናገሩ ሕዝቡ በግዴታ ነው የሚቆመው፤ በላይነህ ሲናገር ግን ሴቶቹ እንኳ ቅቤያቸውን ጥላ ሥር አስቀምጠው ይመጣሉ።

እሱ ግን ውስጥ ውስጡን መደናገር ያዘው። ያየውን፣ ካሳ ከሰጠው መጽሔት ያነበበውንና ድንጋይ ላይ ቆሞ አፉ ላይ የመጣለትን መለየት አቃተው። ለምሳሌ የደመናው ነገር። አንድ ኤግዚቢሽን ላይ አንድ ጀርመናዊ፣ አውሮፕላን ደመና ላይ አንድ ነገር በትኖ ዝናብ እንደሚያዘንብ ነግሮት ነበር። ወይም የነገረው መሰለው። ጀርመንኛው ያኔ ገና ጥሬ ነበር፤ ሰውየው ምናልባት ስለ ተባይ መድኃኒት ይሆናል ያወራው። በላይነህ ግን ወገዳ ላይ «ደመናን የሚያዘንብ መሣሪያ ይመጣል» ብሏል። እልል ተብሎለታል። የተባለ ደግሞ አይመለስም።

ጭንቀቱ ሲበዛበት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ዘንድ ሄደ። ይቆጡኛል፣ ልክ ያስገቡኛል ብሎ ነበር የሄደው።

«ትንቢት ትናገራለህ አሉኝ» አሉት መሪጌታ።

«ትንቢት አይደለም የኔታ። ዕቅድ ነው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

በላይነህ አሰበ። «ትንቢት ከእግዚአብሔር ነው። ዕቅድ ደግሞ... ከኮሚቴ ነው።»

መሪጌታ አልሳቁም። «ኮሚቴው የሚመጣውን ያያል?»

«አያይም የኔታ። ያሰላል።»

«ስሌትማ እኛም አለን፤ ባሕረ ሐሳብ ስሌት አይደለም?» አሉና ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ እሱ ጠጋ አሉ። «መጽሐፉን ሁሉ በሆዱ የሚይዝ፣ ሲጠይቁት የሚመልስ መሣሪያ ይመጣል ብለሃል አሉ። እውነት ነው?»

«እንደዚያ ነው የሰማሁት።»

«ይምጣ! የቆሎ ተማሪ በየደጁ እየዞረ በውሻ ከሚነከስ ይምጣ። እኔ ራሴ እግሬ ላይ ሦስት ጠባሳ አለኝ። መቼ ነው የሚመጣው?»

በላይነህ «አይሆንም» እንዲሉት ነበር የፈለገው። እሳቸው ግን አመኑት። ከገባበት ይበልጥ ተደናግሮ ወጣ።

*

አርብ ገበያ ላይ አብዱልመጂድ የሚባል ነጋዴ ነበር። ጨውና ጨርቅ በበቅሎ እየጫነ ወደ ስማዳም ወደ እስቴም ይወስዳል። ዘመኑ ለነጋዴ ክፉ ነበር፤ ዛሬ የተፈቀደው ነገ ይከለከላል። ታዲያ አንድ ዓርብ በላይነህን ቤቱ ጠራው። ባለቤቱ ራቢያ ብርዝ አቀረበች።

«ወንድሜ፣ ሰው ሁሉ ስለ እርሻ ይጠይቅሃል» አለ አብዱልመጂድ። «እኔ ነጋዴ ነኝ። ነገ ምን ይሻለኛል?»

«አያ አብዱልመጂድ፣ እኔ ስለ ንግድ አላውቅም።»

«ስለ ነገ ታውቅ የለ? ነገ ውስጥ ንግድ የለም?»

በላይነህ ሳያስበው አፉ ተከፈተ። «መንገድ እየተቆረጠ ነው፤ እርስዎም ያዩታል። መኪና ሲመጣ በበቅሎ ጨው የሚጭን አይኖርም። ያኔ በቅሎ የሚገዛዎት ሰው አያገኙም። እኔ ብሆን ዛሬውኑ እሸጣቸዋለሁ።»

ራቢያ ከጓዳ ብቅ አለች። «መኪናው ሳይመጣ በቅሎው ከሄደ በምን ልንጭን ነው?»

«ከሌላው ቀድሞ የተነሣ ነው የሚያተርፈው» አለ በላይነህ። ይህን ከየት እንዳመጣው ራሱም አላወቀም፤ ሲናገረው ግን እውነት መሰለው።

አብዱልመጂድ በቅሎዎቹን አንድ ሳያስቀር ሸጠ። ገበያው ሳቀበት። ገንዘቡን በእህልና በአቡጀዲ ለውጦ ቤቱ ተቀመጠ። መኪናውም አልመጣም። በላይነህ አርብ ገበያ ሲደርስ በአብዱልመጂድ ደጅ ማለፍ እያፈረ በጓሮ በኩል ይዞር ጀመር።

ከዚያ የሰባ ስድስት ክረምት መጣና ዝናብ ሳይዘንብ ቀረ። ሐምሌ ላይ ሰማዩ እንደ ጥር ጠራ። ሣሩ አረረ፣ ምንጩ ነጠፈ፣ ከብቱ በየመንገዱ ወደቀ። የገበያው በቅሎ፣ ከእሱ የገዙትም ቀድሞ የነበራቸውም፣ ከሁለት አንዱ አለቀ። ከነጋዴዎቹ መካከል ቤቱ ሳይፈታ የተረፈው አብዱልመጂድ ብቻ ነበር። አንድ ቀን በላይነህን መንገድ ላይ ያዘውና ትከሻውን ሳመው።

«አውቀህ ነው! አላህ ያክብርህ።»

«አያ፣ እኔ መኪና ይመጣል ነው ያልሁት። ድርቁን አላወቅሁም።»

«እሱን ለሰው ንገር። ለእኔማ ድርቁን አይተህ፣ ሕዝቡን እንዳታስደነግጥ በመኪና አሳበህ ነው የነገርኸኝ።»

«በእግዚአብሔር፣ አላየሁም!»

«እሺ፣ አላየህም» አለ አብዱልመጂድ ምሥጢር እንደሚጠብቅ ሰው እየጠቀሰው።

ወሬው በየሰፈሩ ተዳረሰ። በካደ ቁጥር ሰው ይበልጥ አመነው። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ስለ ማረሻ የሚጠይቁ አልነበሩም። «ዝናቡ መቼ ይገባል?» የሚሉ፣ «የጠፋችው ላሜ ወዴት ናት?» የሚሉ ነበሩ። ማሚቴ የምትባል አንዲት ሴት ከገበያው መውጫ ጠብቃ ያዘችው። ልጇ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነው ያለው።

«ይመለስልኛል?»

«እናቴ፣ እኔ የማውቀው ስለ ማሽን ብቻ ነው።»

«እሱስ ከመትረየስ ጋር አይደለም ያለው? መትረየስ ማሽን አይደለም?»

በላይነህ ዓይኗን ማየት አቃተው። አፉ ከለመደው ቃል ሌላ አላገኘም። «ይመጣል» አላት። እሷም እግሩ ላይ ወድቃ ሳመችውና ሄደች። በላይነህ እዚያው ቆሞ ቀረ። ዋሽቷል? ልጁ ቢመጣስ? ያኔ አልዋሸም ማለት ነው? ስለ ራሱ ነገር ራሱን መጠየቅ ፈልጎ መልሱን ግን ከሌላ ሰው እንደሚጠብቅ ሆኖ ተሰማው።

*

ኅዳር 1977 ላይ መኪናው መጣ።

በተቆረጠው መንገድ አቧራውን እያስነሣ፣ አንዱ ሌላውን ተከትሎ፣ ከባድ ከባዱ መኪና አርብ ገበያ ገባ። ስንዴ ጭኖ ነበር። ሕዝቡ እልል አለ፤ በላይነህን ትከሻው ላይ ሊያወጣው የሞከረም ነበር። «ይኸው ያልኸው!» እሱም ለቅጽበት ደስ አለው። መኪናዎቹ ስንዴውን ካራገፉ በኋላ ግን ባዶአቸውን አልተመለሱም። ሰው ሊጭኑ ነበር። ሰፈራ ተብሏል፤ ወደ መተከል።

ካሳ በላይነህን ጠርቶ «ነገ ትናገራለህ» አለው። «እዚያ ትራክተር አለ። እውነተኛ ትራክተር፣ በዓይኔ አይቻለሁ። መሬቱ ሜዳ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ የተናገርኸው እዚያ ነው ያለው።»

«ታዲያ እኔን ለምን እዚያ አትልኩኝም? እኔ መካኒክ ነኝ።»

ካሳ ደነገጠ፤ ይህ አስቦት የማያውቅ ነገር ነበር። «አንተማ እዚህ ታስፈልጋለህ» አለ በመጨረሻ።

በላይነህ አርብ ገበያ ሲመጣ የሚያድረው የአክስቱ ልጅ ዘርፌ ቤት ነው። ባሏ ዋለ ጥሩ ገበሬ ነበር፤ ያን ዓመት ግን በሬዎቹም ዘሩም አልቀውበታል። ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ሳለ ዘርፌ «በላይ፣ እንሂድ?» አለችው።

«ዋለ ምን ይላል?»

«ዋለማ የአባቴን መሬት ይላል» አለች።

«የአባቴ መሬት ነዋ» አለ ዋለ፣ ከመሬት ቀና ሳይል።

«መሬቱ አበላን? አንተ ንገረን እንጂ በላይ። አንተ ብትሆን ትሄዳለህ?»

«አላውቅም ዘርፌ።»

ዘርፌ ሳቀች። ተርባ እንኳ ሳቋ አልቀነሰም ነበር። «አንተ ካላወቅህ ማን ያውቃል?»

«እውነቴን ነው። አላውቅም። አላየሁትም።»

«ለዘመድ መምከር ከብዶት ነው» አለች ለባሏ እንደምታስረዳ። «ነገ ለሕዝቡ ሲናገር እንሰማዋለን።»

በማግሥቱ በላይነህ ድንጋዩ ላይ ሲወጣ በጥቂት ቃል ሊጨርስ ወስኖ ነበር። ሰዎች ሊሄዱ ይችላሉ፣ ሊቀሩም ይችላሉ፣ ብሎ ሊወርድ። ግን የተሰበሰበው ሕዝብ ፊቱ ከስቶ፣ ዓይኑ ብቻ ቀርቶ ነበር። ያ ዓይን ሁሉ እሱ ላይ አረፈ። «እዚያ መሬቱ ሜዳ ነው» አለ። «እዚያ ትራክተር አለ።» ድምፁ ሞቀ። ጥቁሩን አፈር፣ ማረሻው ሲገለብጠው፣ የቆርቆሮውን ቤት፣ ክሊኒኩን፣ ሁሉንም እንዳየው ሰው ተናገረ። ሲናገር ራሱ አመነ። ሲወርድ ዘርፌን ከሕዝቡ መካከል አያት፤ ነጠላዋን አገልድማ ነበር።

«ሰማን» አለችው። «ይበቃናል።»

መኪናው ላይ ሲወጡ በላይነህ እጇን ይዞ «ዘርፌ፣ ቆይ እስኪ» አለ። «ምን?» አለችው። ምን እንደሚላት አላወቀም። ሹፌሩ ጡሩንባውን ነፋ። መኪናው ሲነሣ በላይነህ ጥቂት ተከትሎ ሄደና ቆመ።

*

በተከታዩ ዓመት ጥር ላይ፣ በላይነህ ወገዳ ሊናገር ሄዶ ሳለ፣ ከገበያው ዳር አንድ ሰው ተጠጋው። ጢሙ አድጓል፣ እግሩ አብጧል። በላይነህ ድምፁን ሲሰማ ነው ያወቀው። ዋለ ነበር። ከመተከል ጠፍቶ፣ ጎጃምን አቋርጦ፣ ዓባይን ተሻግሮ በእግሩ ነው የመጣው።

«ዘርፌስ?»

«በወባ ሞተች። መስከረም ላይ።»

በላይነህ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ። ዋለም አጠገቡ ተቀመጠ። ሰው በጎናቸው እያለፈ ይገበያያል። በላይነህ «ትራክተሩ ውሸት ነበር?» አለ። የጠየቀው ለምን እንደሆነ አላወቀም፤ ሌላ የሚጠየቅ ሞልቶ።

«አለ እንጂ። እንዳልኸው ነው። መሬቱም ሜዳ ነው። በቆሎው ቁመቱ ሰው ይደብቃል።» ዋለ ትንፋሽ ወሰደ። «ያልኸው ሁሉ አለ። ዘርፌ ትራክተሩን መጀመሪያ ያየች ቀን ‹በላይ አልዋሸም› ብላ አለቀሰች። ያላልኸው ነው የገደላት።»

ይህ ወቀሳ ይሁን ምሕረት በላይነህ አልገባውም። የዋለን ፊት አየ፤ ፊቱ ላይ ድካም ብቻ ነበር።

ጡሩንባው ተነፋ። ሕዝቡ ተሰብስቧል፤ ሊቀ መንበሩ በእጁ ይጠራዋል። በላይነህ ተነሣ፤ ከልማድ ነው የተነሣው። ወጥቶ ቆመ።

«መኪና ይመጣል ብያችሁ ነበር፤ መጣ» አለ። «ምን ይዞ እንደሚመጣ፣ ምን ይዞ እንደሚሄድ ግን አላወቅሁም ነበር። ትራክተር አለ ብያችሁ ነበር፤ አለ። አጠገቡ ምን እንዳለ አላወቅሁም። ደመናውን... የደመናውን ነገር በደንብ የሰማሁት አይመስለኝም። ምን እንደሚመጣ አላውቅም።»

ጉርምርምታ ተነሣ። አንድ ገበሬ «ካላወቅህማ ለምን ከሥራችን ጠራኸን?» አለ። ሌላው «ታሞ ነው» አለ። «ከፍቶበት ነው፤ የሚመጣው ከፍቶበት ነው የማይነግረን» አለች አንዲት ሴት፣ ያን ጊዜም ጥቂት ሰዎች ፈርተው ማማተብ ጀመሩ። በላይነህ «አይደለም! እንደዚያ አይደለም!» ብሎ ጮኸ፤ ጩኸቱ ይበልጥ አስፈራቸው። ገበያው ከጊዜው በፊት ተበተነ።

ካሳ አስጠራው። በላይነህ እስር ቤት የሚገባ መስሎት ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ነበር የሄደው። ካሳ ግን ከመቆጣት ይልቅ ግራ የተጋባ ይመስል ነበር። «ምን ሆነህ ነው? ሁሉም እኮ ደረሰልህ። ከእኛ ሁሉ የተናገርኸው የሆነልህ አንተ ነህ።»

«እሱ ነው የቸገረኝ» አለ በላይነህ።

ካሳ አሁንም ነገሩ አልገባውም። በመጨረሻ «ደክሞሃል ብዬ አሳልፈዋለሁ» አለና በእሱ ቦታ ድምፀ መልካም የሆነ ሌላ ወጣት መደበ። በላይነህ መካነ ኢየሱስ ወደሚገኝ የውኃ ሞተር ተዛወረ። ሞተሩ አንድ ቀን ሠርቶ ሁለት ቀን ይቆማል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠገን ነገር አገኘ።

የዋለ ነገር ግን አልቀለለም። ከሰፈራ የጠፋ ሰው ነው፤ መሬቱም ለሌላ ተሰጥቷል። በላይነህ ፈቃድ ጠየቀና አርብ ገበያ ወርዶ የገበሬ ማኅበሩ ሸንጎ ፊት ቆመ። ስለሚመጣው አንድም ቃል አልተናገረም። ዘርፌ ማን እንደነበረች፣ በማን ንግግር እንደሄደች፣ የት እንደተቀበረች ተናገረ። መካከል ላይ ዋለ ራሱ ተቀብሎ ጨረሰለት። ሸንጎው ቀኑን ሙሉ ተከራከረ። መጨረሻ ላይ ለዋለ ገደል አፋፍ ላይ ያለች፣ ድንጋይ የበዛባት ቁራጭ መሬት ተሰጠችው። ለምን እንደፈቀዱለት በላይነህ በውል አላወቀም። አዝነውለት ይሁን፣ የነገው ሰውዬ አንድ ነገር ያውቃል ብለው ይሁን።

ኅዳር ላይ ገብሱ ሲደርስ በላይነህ ወደ ዋለ ማሳ ወረደ። መንገዱን ሁሉ ምን እንደሚለው ሲያስብ ነበር፤ ይቅር በለኝ ሊለው አስቦ፣ ዋለ ምን አጠፋህ ቢለው ምን ብዬ እመልሳለሁ እያለ ተወው። ሲደርስ ዋለ ጎንበስ ብሎ ያጭዳል። ቀና ብሎ አየው፣ ላቡን ጠረገ፣ ትርፍ ማጭዱን በእጀታው በኩል ዘረጋለት።

«ከላይ ጀምር» አለው። «ታችኛው ገና ጥሬ ነው።»

በላይነህ ጫማውን አወለቀና ከላይ ጀመረ።